የቀኙ የፊት ጎማ

ፌንጣ የሚሉት ሾፌር የሞተው ሰው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው።

ቦታው የድሮ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበር። ሥራቸው ሌላ፣ ልባቸው መኪና ላይ የሆነ ሰዎች እሁድ እሁድ እዚያ ይሰበሰባሉ። አስፋልቱ ላይ ኮን ይደረድራሉ፣ አንድ በአንድ እየገቡ በኮኖቹ መካከል ይጠማዘዛሉ፣ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ፌንጣ ለመጨረስ አንድ የግራ መታጠፊያ ሲቀረው የቀኙ የፊት ጎማ ከብረት ቸርኬው ወለቀ። ባዶው ቸርኬ አስፋልቱን ነከሰ፣ መኪናው ዞረ፣ በሾፌሩ በር በኩል ከመብራት ምሰሶው ጋር ተላተመ። ሚስቱ ሮጣ ስትደርስ እጁ ገና መሪው ላይ ነበር።

የተወዳዳሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ሬሳው ሳይነሳ ፍርዱን ሰጠ። «ጎማው በደንብ አልተገጠመም» አለ። ይህን ሲል ወደ ሚስትየው አላየም፤ ሌላው ሰው ግን ሁሉ ዞሮ አያት። ጎማው የተገጠመበት ጎማ ቤት የእሷ ነው፤ ባለጎማዋ ነው የሚሏት። ያንን ጎማ ቸርኬው ላይ የጫነችው በገዛ እጇ ነው። ሰንብቶም ጎማ ቤቷ ታሸገ፣ በባሏ ሞት ልትከሰስ እንደምትችልም ተነገራት። ታናሽ ወንድሟ ብቻ ከአጠገቧ አልጠፋም። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፣ «እትዬ፣ እህል ቅመሽ እንጂ» ይላታል።

የተመደበው መርማሪ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሰውዬ ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ ላቡን እየጠረገ መጣና እሽጉን ከፍቶ አስገባት። መኪና መንዳት እንደማይችል ሲነግራት፣ ባለጎማዋ በሆዷ «እግረኛው» አለችው። ስሙም በዚያው ጸና።

«ስለ ጎማ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው» አላት።

«እሱም እስኪፈነዳ ነው» አለች።

እግረኛው ፈገግ አለና አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ከሀሁ ያስጀምሩኝ።»

ከመደርደሪያው ሁለት ጎማ አወረደችለት። «ይሄ ጠንካራው ነው። ገበያም ይሄዳል፣ ውድድርም ይገባል። ሲጀምርም ሲጨርስም ጠባዩ ያው ነው። ይሄኛው ለስላሳው ነው። እስኪሞቅ ድረስ ያንሸራትታል፤ ከሞቀ በኋላ ግን አስፋልቱን አልለቅም ይላል።»

«ለባለቤትዎ መኪና የትኛውን መረጡ?»

«ለስላሳውን። ለአጭር ውድድር እሱን የሚያክለው የለም።»

«የተቃወመ ነበር?»

ባለጎማዋ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ወንድሜ ጠንካራው ይሻላል ብሎ ተከራክሮ ነበር። እንዲያው የልጅ ነገር ነው። እሱና ባለቤቴ በአንድ መኪና ነው የሚወዳደሩት። መጀመሪያ እሱ ይነዳል፣ ቀጥሎ ባለቤቴ።»

«ወንድምዎ በቀዝቃዛው ጎማ፣ ባለቤትዎ በሞቀው።»

«ሰዉም ማሞቂያ እያለ ይቀልድበታል። እሱ ግን ቅር አይለውም። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አውቀዋለሁ።»

ከአደጋው የመጡት አራት ጎማዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እግረኛው ጎንበስ ብሎ አያቸው። «ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነው። መሬት ከሚነካው ጠርዝ ጀምረን ወደ ጎኑ እናሰምራለን። መኪናው ሲመለስ እናያለን። ጠመኔው ካልተፋቀ አየሩ በዝቷል። ጎኑ ላይ እስካለው ጽሑፍ ድረስ ከተፋቀ ደግሞ አንሷል። እነዚህን ይዩዋቸው፤ ልኩ ይሄ ነው።» ሦስቱን በጣቷ አሳየችው።

«አራተኛውስ?»

አራተኛው ከመጣ ጀምሮ ፊቷን አዙራበት ነበር። እልኸኛ ባትሆን ኖሮ አሁንም አታየውም ነበር። ጎንበስ አለችና ጎማውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጠመኔው ጽሑፉን አልፎ ተፍቋል። ከቸርኬው አጠገብ ክር የምታክል ነጭ ብቻ ቀርታለች።

«አየሩ አንሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሳይወልቅ በፊት አንሶ ነበር። አየር ያነሰው ጎማ በኃይል ሲታጠፉበት ቸርኬውን ይለቃል።»

«ሲገጥሙት አንሶ ይሆን?»

«ወንድሜ በዚሁ ጎማ ነድቶ ገና መመለሱ ነበር። በዕድሜው እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። አየር በጎደለው ጎማ ይሄ አይሆንም።»

«እንግዲያው አየሩ የወጣው ወንድምዎ ወርዶ ባለቤትዎ እስኪነሳ ድረስ ነው። ያኔ ጎማውን የነካ ማን ነው?»

አንድ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ጊዜው ጠባብ ነው» አለች። «ግርግር ነው። አላስታውስም።»

እግረኛው አልተጫናትም። አመስግኗት በእግሩ ወደ አንድ ጥርስ ሐኪም ሄደ።

ሐኪሙ ዓመቱን ሙሉ በፌንጣ የሚሸነፍ ተወዳዳሪ ነው። የአንዱን በሽተኛ አፍ በጥጥ ሞልቶ ትቶት ወጣ። «ፌንጣን እጠላው ነበር ወይ? እሁድ እሁድ፣ አዎ። በሌላው ቀን ወዳጄ ነበር።»

«ያን ሰዓት የት ነበሩ?»

«ተራዬን ስጠብቅ፣ መኪናዬ ውስጥ በቀበቶ ታስሬ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የፌንጣ መኪና ቀኝ ጎን ነው። ማሞቂያ የውሃ ጠርሙስ ይዞ የፊተኛው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ‹ምነው፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?› አልኩት። አካባቢው በሳቅ ፈረሰ።»

«እሱስ?»

«እሱ አልሳቀም።»

«ፌንጣ አየሩን ራሱ አይለካም ነበር?»

«የኔን ሳይቀር ይለካልኝ ነበር እንጂ። ግን ሁለት ሰው በሚነዳው መኪና ደንብ አለን። የወረደው ለገባው ጎማውን ይጠብቅለታል። የገባው ታስሮ ተቀምጧል፤ ወርዶ ይለካ? ማመን ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።»

ሰብሳቢው ደግሞ ከመነሻው መስመር ንቅንቅ እንዳላለ፣ የሰዓት መቁጠሪያው ከእጁ እንዳልወጣ ተናገረ። መስካሪውም ብዙ ነው። እግረኛው ሊወጣ ሲል ግን አንዲት ነገር ጣል አደረገ። «ያን እሁድ ፌንጣ ተራው ደርሶ እስኪነዳ ድረስ አንደኛ የነበረው ማሞቂያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ።»

በማግስቱ እግረኛው ሁሉንም ጎማ ቤቱ ሰበሰባቸው። ወንድምየው ከጓዳ ወንበር አምጥቶ እህቱን አስቀመጣትና ከኋላዋ ቆመ።

«አንድ በአንድ ልሂድ» አለ እግረኛው። «መንዳት የማይችል ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አየሩ የወጣው በሁለቱ ዙሮች መካከል ነው፤ ይህን ጠመኔው ነግሮናል። ሰብሳቢው ሰዓት ይዞ ሰው ፊት ቆሟል። ሐኪሙ በቀበቶ ታስሯል። ጎማው ዘንድ የደረሱት እጆች የእህትና የወንድም ብቻ ናቸው።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ሰብሳቢው፣ ባለጎማዋን በአገጩ እያመለከተ።

«እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ጠመኔው እንዴት እንደሚነበብ አያስተምሩኝም ነበር። ‹አቧራ ነው› ብለው ቢሸኙኝ ማን ያውቅባቸዋል? እኔ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው።» ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞረ። «አንተ ቀኙ ጎማ ሥር ምን ትሠራ ነበር?»

«ውሃ ስረጭ ነዋ። ጠርሙሱን ሐኪሙም አይቷል። ጎማ ሲግል በውሃ እናበርደዋለን፤ እትዬን ይጠይቋት።»

«በጠራራ ፀሐይ፣ አዎ» አለች ባለጎማዋ ሳታስበው።

«ያን ጠዋት ግን ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ እጁን ያፋትግ ነበር» አለ እግረኛው። «ለስላሳ ጎማ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። አንተም በጎማ ምርጫው የተከራከርከው፣ ያሞቅከው ለሌላ ሰው ስለሚሆን ነው። በዚያ ብርድ፣ ለፍተህ ያሞቅከውን ጎማ ውሃ ታፈስበታለህ?»

«ልማድ ነው። ረጨሁት አልኩ እኮ።»

እግረኛው ወደ ባለጎማዋ ጎንበስ አለ። «ጠመኔውን ያሰመረው ማን ነው?»

«እኔ። አራቱንም።»

«ወንድምዎ ከጎማው ከተነሳ በኋላ?»

«ከተነሳ በኋላ።»

«እርጥብ ጎማ ላይ ጠመኔ ይይዛል?»

«አይይዝም። ይጨቀያል።»

«ያ ጎማ እርጥብ ነበር?»

የወንድሟ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። በጨቅላነቱ ያዘለችው፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰችው ነው። «አላስታውስም» ብትል እሱ ይድናል፤ እሷ ትጠፋለች።

«ደረቅ ነበር» አለች።

እጁ ከትከሻዋ ተነሳ።

«ሌላም አለ» አለች፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር። «የዋጥኩት። መለኪያውን ይዤ ስመጣ ‹ግራ ግራውን ለኪ እትዬ፣ ቀኝ ቀኙን እኔ ለክቻለሁ› አለኝ። ጎኑ ደንዳና ጎማ ነው፣ አየሩ ቢያንስ በዓይን አይታወቅም። ጠመኔዬን አሰምሬ ሄድኩ። ባለቤቴ በመስኮት ‹ለካችሁ?› አለኝ። ‹አራቱም ልክ ነው› አልኩት። ሳቀልኝና ሄደ።»

ወንድምየው እንደ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እንዲሞት አይደለም» አለ። «ትንሽ እንዲከብደው ነው። አንድ ሰከንድ ብቻ። አንድ ቀን ስሜ ከላይ እንዲጻፍ። ጠንካራውን ምረጪልን ብዬ ለመንኩሽ፤ አንቺ ለእሱ የሚሆነውን መረጥሽ። እኔ ለእሱ ጎማ ሳሞቅ ልኑር?»

«አየሩን ያወጣኸውን በቅናት ነው ልበል» አለች። «ሰዉ እኔ ላይ ሲዞርስ? አጠገቤ ነበርክ። ደግፈኸኝ ነበር። ቤቴን ሲያሽጉት እሽጉን ቆመህ አይተህ ማታ እህል ይዘህልኝ መጣህ።»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«በእኔ አፍ ነው ያታለልከው። እሱ ያመነው አንተን አይደለም፣ እኔን ነው።»

ባለጎማዋ ከወንበሩ ተነሳች። ሰብሳቢው ጫማውን ያይ ነበር። እግረኛው ወረቀት አወጣና እንድትቀመጥ በእጁ ወንበሩን አሳያት፤ ቃሏን ሊቀበል ነው።

ባለጎማዋ ወንድሟ ያመጣላትን ወንበር አነሳች፣ ወደ ጓዳ መልሳ አስገባችው፣ በሩን ዘጋችው።

«ቆሜ ነው የምናገረው» አለች። «ይጻፉ።»