ሳይጠየቅ የተወሰደ ድምፅ

ሲሃምን ዝናብ ባያባርራት ኖሮ ላፍቶ ወዳለው የወጣቶች ማዕከል ባልገባች ነበር። እናቷ ወይዘሮ ቀመሪያ መካኒሳ አቦ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የዚያን ቅዳሜ የመጋረጃ ልክ እንድትወስድ ደንበኛ ቤት ልከዋት፣ ስትመለስ ዶፉ መንገድ ላይ ያዛት። ማዕከሉ በር ላይ ተጠግታ ስትቆም ከውስጥ የከበሮ ምት ሰማች።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ ሂፕሆፕ እንዴት እንደተጀመረ ለተሰበሰቡት ያወራል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባል የድሃ ሰፈር፣ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ልጆች አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያፈራረቁ፣ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ አስረዘሙት። ጨፋሪው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን አጭር ቦታ ነበር። በዚያ ላይ ንግግር ተጨመረ፣ ንግግሩ ቤት እየመታ ሄደና ራፕ ሆነ።

ወጣቱ ይህን ነግሯቸው ሲያበቃ ሁሉም እንዲያጨበጭቡ ጠየቀ። ሲሃምም ሳታስበው በሩ ላይ ሆና አጨበጨበች። የእሷ ጭብጨባ ግን ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም፤ በመሃል በመሃል እየገባ ክፍተታቸውን ይሞላል። ወጣቱ እጁን አንስቶ ሰዉን ዝም አሰኘና ወደ በሩ ዞረ።

«ይሄን ምት ከየት አመጣሽው?»

«ከሰርግ ቤት» አለችው አፍራ። «የእናቴ ነው።»

ወጣቱ ትምህርቱን ረስቶ አያት። እሷም ዓይኗን መስበር አቃታት። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልሄደችም።

ስሙ ኢድሪስ ነው። አባቱ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ላፍቶ ነው ያደገው። በሥራ ቀን የማስታወቂያ ድምፅ ያቀናብራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን የቢት፣ ማለትም ራፕ የሚገጠምበትን ምት፣ አሠራር ያስተምራል። ሲሃም በበኩሏ ጨርቅ ስትለካ በለሆሳስ ራፕ እንደምትገጥም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእሱ በሦስተኛው ቅዳሜ ነገረችው።

ከትምህርቱ በኋላ ወደ መካኒሳ በእግር ይሸኛት ጀመር። መጀመሪያ ታክሲው ሁሉ ሙሉ ስለሆነ ነበር። በኋላ ባዶ ታክሲ ሲመጣም አይተው እንዳላዩ ያሳልፉታል። አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁማው፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ አሰማችው፦

«ዝም በይ ሲሉኝ፣ ዝም ብዬ ሰማሁ፤
ሲደክማቸው ግን፣ ቃሌን ይዤ መጣሁ።»

ኢድሪስ አላደነቀም፣ አላጨበጨበም። «ድገሚልኝ» ብቻ አለ። ሲሃም ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ ትዝ አላላትም።

እየተዋደዱ እንደሆነ ሁለቱም አወቁት፤ ግን አልተነጋገሩበትም።

ወይዘሮ ቀመሪያ በወጣትነታቸው ስልጤ አገር በሰርግ ዘፈን አቀንቃኝነት የታወቁ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ሰው ፊት አልዘፈኑም። አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን የሆኑ ሲመስላቸው ያንጎራጉራሉ። ሲሃም አንድ ቀን ድምፃቸውን ሳያውቁ በስልኳ ቀዳችና፣ ምቱን እንዲያጠና ለኢድሪስ ላከችለት። ከአንተ እንዳያልፍ፣ አደራ አለችው።

ኢድሪስ ድምፁን ሰምቶ መተው አልቻለም። አንዷን ስንኝ ቆርጦ እየደጋገመ ቢት ሠራባት። ሊያስደንቃት ፈልጎ ሳይነግራት፣ ማዕከሉ ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ አጫወተው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሲሃም ግን ባለችበት ደረቀች። ካዳመጡት አንዱ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር በማግስቱ ቪዲዮው በየሰው እጅ ገባ።

ጎረቤታቸው ጫማ ሻጯ አረጋሽ ስልኳን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። «እትዬ ቀመሪያ፣ ይሄ የእርስዎ ድምፅ አይደለም?» አለች ደስ ብሏት። ወይዘሮ ቀመሪያ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስልኩን መለሱላትና ጨርቅ ማጠፋቸውን ቀጠሉ። የዚያን ቀን ከልጃቸው ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ኢድሪስ ሲደውል ሲሃም ወጥታ አነጋገረችው።

«ላስደስትሽ ብዬ ነው» አላት።

«የራሴን ድምፅ ብትወስድ ይቅር እልህ ነበር። የወሰድከው የእሷን ነው፤ ያውም አደራ ብዬህ።»

ስልኩን ዘጋችው። እሷም እናቷን ሳትጠይቅ እንደቀዳች ታውቃለች፤ ይህ ደግሞ ንዴቷን አባሰው። ቅዳሜ መጣ፣ ወደ ላፍቶ አልሄደችም። ተከታዩም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ኢድሪስ ቪዲዮው እንዲጠፋ የለጠፉትን አንድ በአንድ ለመነ፤ ግማሾቹ እሺ አሉት፣ ግማሾቹ መልስም አልሰጡት። በመጨረሻ በቀትር መካኒሳ አቦ ድረስ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሲሃም ስታየው የያዘችው ሜትር ከእጇ ወደቀ።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ድምፅዎን ሳላስፈቅድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ።

ወይዘሮ ቀመሪያ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቁጣ ሲጠብቅ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«የምለውን ታውቀዋለህ?»

ስልጥኛ እንደማይችል ነገራቸው።

«ሙሽራዋ ናት። የእናቴን ደጅ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ ብላ ታለቅሳለች። አንተ እዚያ ላይ ቆረጥከው። ከዚያ እናትየዋ ትመርቃታለች፤ የምትገቢበት ቤት በስምሽ ይጥራሽ ትላታለች። ያቺን ልጅ አርባ ጊዜ አስለቀስካት፣ አንዴም አላስመረቅካትም።»

ኢድሪስ አንገቱን ደፋ። ዘፈኑን ፈጽሞ እንደሚያጠፋው ነገራቸው።

«ማን አጥፋው አለህ? ጨርሰው ነው የምልህ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ማሽንህን ይዘህ ና።»

አርብ መጣ። ሱቁን ዘጉት። ጣቃ ጨርቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለተደረደረ ድምፅ አያስተጋባም፤ ኢድሪስ ከየትኛውም ስቱዲዮ ይሻላል አለ። ወይዘሮ ቀመሪያ ማይኩን በጥርጣሬ አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጀመሩ። ልቅሶው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ አልተነሳም። ሲሃም እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ከእናቷ ቀጥላ ራፗን አስገባች።

እናቷ ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ኢድሪስ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ፊቷን ሳያይ ጠየቃት።

«ይቅር ብለሽኛል?»

«እናቴ ይቅር ስትልህ ቀናሁ» አለችው። «እኔ ልቀድማት ነበር የምፈልገው።»

ገመዱን አስቀምጦ ቀና አለ። ውጭ የታክሲ ረዳት «ላፍቶ፣ ላፍቶ» እያለ ይጣራል።

ዘፈኑ ወጣ። ዓለምን አላናወጠም፣ ግን ከመካኒሳ በሚነሱ ታክሲዎች ውስጥ ይሰማ ጀመር። ደንበኞችም ጨርቅ ሊገዙ መጥተው ወይዘሮ ቀመሪያን በስስት ያዩዋቸዋል።

ከረመዳን በኋላ ኢድሪስ ሽማግሌ ላከ። የሲሃም አጎት ጋሽ ሙሄ ሽማግሌዎቹን ተቀብለው፣ ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ሲሃምን ጠሯትና ፈቃዷን ጠየቋት። ደስታው አፏን ያዘውና ዝም አለች።

«የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው።

«አይ፣ አጎቴ» አለች ሲሃም። «እሺታዬን ራሴ ልናገረው።»

ኢድሪስ ልቡ አላስቀምጥ ብሎት ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ እንደቆመ ታውቃለች። ስለዚህ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ኢድሪስን ወድጄዋለሁ። አገባዋለሁ።»

ከውጭ አንድ ሰው ትን ብሎት ሳለ። ሽማግሌዎቹ ሳቅ ሲያፈናቸው፣ አንደኛው ልጁን ምን ውጭ ያቆመዋል፣ ይግባ እንጂ አሉ። ተነሥተው በሩን የከፈቱለት ወይዘሮ ቀመሪያ ነበሩ።