የሎርድ ባልጋርቪ ፊርማ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሺህ ስምንት መቶ አርባ ሦስት ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከሌዝ ወደብ የተነሣው የባሕር ጉም ዳገቱን ወጥቶ ኤዲንብራን ከነአምባዋ ውጧት ነበር፤ ገና በቀትር መብራት ያልለኮሰ ቤት አልነበረም። የወይን ነጋዴው ኤቤኔዘር ዊሻርት ሁለት እንግዶች፣ አንድ ቄስና አንድ ጠበቃ፣ ምሳ ጋብዞ፣ በቀይ ቆዳ የተደጎሰውን ትልቁን ጥራዝ ገልጦ ያሳያቸው ነበር። በጥራዙ ውስጥ የስኮትላንድ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በእጃቸው ጽፈው የፈረሙባቸው ደብዳቤዎች ተለጥፈዋል። ዊሻርት ልጅ አልወለደ፣ ለሹመት አልታጨ፤ በከተማው ሰው የሚባለው በዚህ ጥራዝ ብቻ ነበር፤ ይህንንም እሱ ራሱ አሳምሮ ያውቀዋል። የጎደለው የሟቹ የሎርድ ባልጋርቪ ፊርማ ነበርና በጋዜጣ አስነግሮ ይጠባበቅ ነበር።

ምሳው ሳይነሣ አሽከሩ አንዲት አሮጊት አስገባ፤ ወይዘሮ ካርስ ይባላሉ። የሐዘን ልብሳቸው ጥቁረቱ ለቆ ቡናማ ሆኗል፤ ባርኔጣቸው ላይ ጉሙ ጤዛ ጥሏል።

«ጋዜጣውን አንብቤ ነው የመጣሁ ጌታዬ። ይህ ደብዳቤ ለችሎት ኢንቨርነስ በሄደ ጊዜ የጻፈልኝ ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ስሞት ማንም እሳት እንዳያያይዝበት ብዬ ነው እንጂ ልሸጠው አይደለም።»

ዊሻርት በደስታ ተቀበለና ዓይኑን ወደ ደብዳቤው ግርጌ ወረወረ።

«ዋልተር ካርስ? ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ባለቤቴ ነዋ!»

«እኔ የፈለግሁት የሎርድ ባልጋርቪን ነው፣ እሜቴ።»

«እሱው ነው። ሎርድነቱ የወንበሩ ነው፤ እኔን ያገባኝ ዋልተር ካርስ ነው።»

ዊሻርት ወደ እንግዶቹ ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰ። «ሰማችሁልኝ? ባልየው ሎርድ፣ ሚስትየዋ ወይዘሮ! የሎርድ ሚስትማ ሌዲ ናት። ወይስ ጌታው ኢንቨርነስ ሲወርዱ ሌዲዋን እቤት ትተው እርስዎን ነበር የሚያስከትሉት?»

ቄስ ሞንከር የጠጡት ወይን ትን እስኪላቸው ሳቁ። ጠበቃው ዳንሳየርም ብርጭቆው ላይ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። የአሮጊቷ ፊት እስከ ጆሮ ግንዳቸው ቀላ፤ ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉና፣ «እግዜር ይይልዎት» ብለው ወጡ።

ቄሱ ከተሰናበቱ በኋላ ዳንሳየር ካፖርቱን እየደረበ፣ «ሴትዮዋ እኮ እውነታቸውን ነው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«በአገራችን ዳኛ ሲሾም በርስቱ ስም ሎርድ ይባላል፤ ማዕረጉ ግን ለሚስቱ አያልፍም፤ ደብዳቤውንም የሚፈርመው አባቱ ባወጣለት ስም ነው። ይህንንማ የፍርድ ቤቱ በረኛም ያውቀዋል።»

«ታዲያ አንተ ምን ዘጋህ?»

«ወይንህን እየጠጣሁ ላዋርድህ? ይልቅ እነዚህን በሎርድነት የተፈረሙትን ማን እንደሸጠልህ አስብበት።»

ዊሻርት ብቻውን ሲቀር ጥራዙን ገለጠ፤ ሎርድ እገሌ፣ ሎርድ እገሌ፤ ከግማሽ የሚበልጠው የአጭበርባሪ እጅ ነው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ከሁሉ ይልቅ ግን ያቃጠለው የአሮጊቷ መቅላት ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸውን አጠያይቆ፣ በካነንጌት ሠፈር ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥቶ የወይዘሮ ካርስን በር አንኳኳ። ተቀመጥ አላሉትም።

«ይቅር ይበሉኝ፤ ባለማወቅ ነው» አለ።

«አለማወቅዎን ይቅር ብዬዎታለሁ። በግንቦት ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ስትከፈል የሚያውቁኝ ቄስ ጥለው ወጡ፤ የተተኩት እኚሁ እርስዎ ቤት የሳቁት ሞንከር ናቸው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጄን ብዘረጋላቸው ዓይኔን እያዩ አለፉኝ። በስተርጅናዬ የሰው ቅምጥ ተባልኩ!» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው ግን አቀኑት። «በዚያው ገበታ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ ወይዘሮ ካርስ የሎርድ ባልጋርቪ የሕግ ሚስት ነበሩ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ይበሉልኝ። ያን ቀን ባለቤቴ የጻፈልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ የእርስዎ ናቸው።»

ዊሻርት በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ እጁን ጭኖ ማለ፤ ሲምልም ከልቡ ነበር።

በቅዳሜው ሁለቱም እንግዶች በዚያው ገበታ ተሰየሙ፤ የበግ ራስ ሾርባም ቀረበ። ቄስ ሞንከር የተገለጠው ጥራዝ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ «ለመሆኑ ያቺ የሎርዱ ወዳጅ ተመልሳ መጣች እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዊሻርት አፉን ከፈተ። ዳንሳየር ማንኪያውን አስቀምጦ አየው። ዊሻርት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አሰበ፤ ዳኛ በአባቱ ስም የሚፈርም ከሆነ ይህ ከመዳፌ ሥር ያለው ምንድነው ይሉኛል፤ ነገ ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል አለ በልቡ።

«አልመጣችም» አለ። «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ እንጂ፣ አባ።»

ወይ ሰው መሆን! በፌዝ ጊዜ የተፈታች ምላስ ለእውነት ጊዜ ተሳሰረች።

ወይዘሮ ካርስ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ ደብዳቤዎቹንም በኑዛዜያቸው መሠረት ጎረቤቶቻቸው ከአስከሬናቸው ጋር ቀበሩ። በዚያው ጸደይ አንድ አዟሪ «ሎርድ ባልጋርቪ» የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዞ ዊሻርት ደጅ ቆመ፤ ዊሻርትም ሐሰት መሆኑን ገና ከሩቅ እያወቀ ገዛው፤ ባዶውንም ገጽ ሞላበት። ሲለጥፈው ጆሮው ይግል ነበር ይባላል።

ዊሻርት ከሞተ በኋላ ጥራዙ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ሊቃውንት መጥተው ገለበጡት፣ አደነቁት፣ ከባልጋርቪ ስም አጠገብም «ሚስት አላገባም» ብለው ጻፉ። በእነሱ አይፈረድም፤ ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች መቃብር ገብተዋል፤ ያገኙትን ነው የጻፉት። በዚያ ገበታ እውነቱን ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች ዳንሳየር በየግብዣው የማንንም ስም ሳይጠራ እንደ ቀልድ ሲያወራው ኖሮ ሰለቸውና ተወው፤ ዊሻርት ግን አንድም ቀን ሳይረሳው፣ አንድም ቀን አፍ አውጥቶ ሳይናገረው ሞተ።