ትከሻውን ማን ያዘው?

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ያለ ጥፋቷ ልትታሰር ጥቂት ስለቀራት ስለ ሌና ግሬበል ላውጋችሁ።

ድምፅ ቀድቶ የሚያጫውተው ፎኖግራፍ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በኒዋርክ ከተማ፣ አባቷ ኦቶ ግሬበል በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ራሱን በብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ዘፈን አይባዛም ነበር፤ ዘፋኙ ድምፅ ለሚቀዳበት ለእያንዳንዱ የሰም ሲሊንደር ጉሮሮው እስኪደርቅ እንደ አዲስ ይዘፍናል። ግሬበል ግን አንዱን ዘፈን መቶ የሚያደርግ የናስ ቅርጽ ሠርቶ ነበር።

መርማሪው ስቶል አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ምድጃውን ነካ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

«ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ግሬበል ሲወድቅ ዱብታውን የሰማው ዘፈኑ ሳያልቅ ነው። ማን ነበር የሚዘፍነው?»

«እኔ ነኛ» አለ ዘፋኙ ሲልቫን ዶይል።

«ቅርጹን እሰብረዋለሁ ብለህ ዝተሃል አሉ።»

«እንጀራዬን ሊዘጋ ነው እኮ፤ ምን ልበል ታዲያ? ግን በመቅጃው ክፍል ስዘፍን ፊንች ከኋላዬ ነበር።»

ድምፅ ቀጂው አድለር ፊንች ፈገግ አለ። «ትከሻውን ይዤ ነበር፣ ጌታዬ። ቅጂው እንዳይበላሽ ድምፁ ከፍ ሲል ድምፅ ከሚቀበለው ጡሩምባ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ ሲወርድ ወደ ፊት እገፋዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ካላመኑኝ ያጫውቱት፤ መጀመሪያ ላይ የዘፈኑን ስም የሚጠራው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ሊጠረጠር የሚችል በጎን ክፍል ብቻዋን የነበረችው ሌና ቀረች። ከአባቷ ጋር መጣላቷንም ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሱ ሰንሰለቱን አወጣ።

«ቆይ እስቲ ወንድሜ» አለ ስቶል። «ሁላችሁም ወዲህ ኑ።»

መጀመሪያ ጠዋት የተቀዳውን አጫወተ፤ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ዱብታው ሲሰማ ይቀዳ የነበረውን የከሰዓቱን አስገባ። ፊንች ስሙን ጠራ፤ ዘፈኑ ተጀመረ። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ማሽኑ እንደ ተቀደደ ከበሮ አጓራ። ከፍ ባለ ቁጥር እንደዚያው።

«ሚስተር ፊንች፣ ስሙን ስትጠራ ነበርክ። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ማንም አልሳበውም። የት ሄድክ?»

«እጄ ዘግይቶ ይሆናል።»

«ጠዋት አንዴም ሳይዘገይ?» ወደ ዘፋኙ ዞረ። «ሲልቫን፣ ድምፅህ ከዳር እስከ ዳር አልተቋረጠም። ዱብታው ሲሰማ ስትዘፍን ነበርክ፤ ምስክር አያስፈልግህም ነበር። ከኋላዬ ነበር ያልከው ለማን ብለህ ነው?»

ሲልቫን ግንባሩን ጠረገ። «ፊንች ኋላ ላይ ‹ዝተሃልና አንተን ነው የሚይዙት፤ አብሬው ነበርኩ እልልሃለሁ› አለኝ። ስሙን ጠርቶ ወጣ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ተመለሰ። ውለታ የዋለልኝ መስሎኝ…»

«ውለታውን የዋለው ለራሱ ነው።»

ፊንች ወንበሩ ላይ ተዘፈዘፈ። «ቅርጹን አብረን ነው የሠራነው። እሱ ግን በራሱ ስም ብቻ ሊያስመዘግበው ነበር።»

ፖሊሱ ወደ እሱ ሄደ። ሌና ከሲልቫን ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«እኔን ሲወስዱኝ ዝም ብለህ ልታይ ነበር?»



ልጆቼ፣ ፊንችን ብትረሱት ግድ የለኝም። ፈርቶ ዝም ያለውን ሲልቫንን ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።