ብርሃን ሲበዛበት የሚጠቁር

ሐረገወይን ዘወትር ጠዋት ልጇን መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ለመምህሯ ለሚስ ዙፋን ታስረክብና አስፋልቱን ተሻግራ በፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ምድር ቤት ወደሚገኘው የሌዘር ክፍል ትወርዳለች። ከአሥረኛው ደረጃ በኋላ የውጪው ሙቀት ይቀራል፤ የአልኮልና የቆየ አቧራ ሽታ ይቀበላታል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ በሩን ድርብ ጥቁር መጋረጃ ይሸፍነዋል፣ ሌዘሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ደግሞ ሲያጉረመርም ይውላል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ያስጨንቀው ነበር። እሷ ግን ባሏ ይሄይስ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ፣ ይኸው አምስት ወሩ፣ የሚያስጨንቃትም የሚያስደስታትም ነገር የለም።

ሥራዋ መስታወት መንከር ነው። ፉለሪን የሚባል ነገር አለ፤ ስልሳ የካርቦን አተሞች ተያይዘው ኳስ ሲሠሩ የሚገኝ ቅንጣት ነው። በውሃ የሚሟሟው ዓይነት የቀጠነ ሻይ መልክ አለው። ሐረገወይን ጣት የምታክል መስታወት ነክራ ታወጣለች፣ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች፣ ታደርቃለች፣ ደግማ ትነክራለች። ቅንጣቶቹን ማንም አይደረድራቸውም። እያንዳንዱ ቦታውን ራሱ ፈልጎ ከጎረቤቱ እኩል ርቆ ይቀመጣል፤ ቦታው ሲሞላ ሌላ አይቀበሉም። ከሃያ ንክር በኋላ መስታወቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይኖራል። አመሉ ለየት ያለ ነው፤ ደካማ ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርሃኑ ሲበረታበት ግን ይጠቁራል። አለቃዋ ዶክተር ገመቹ በዚህ ሽፋን የብየዳ ሠራተኞችን ዓይን ለማዳን ያልማሉ። መንገድ ዳር ያለ መከላከያ የሚበይድ ሰው ባዩ ቁጥር መኪናቸውን አቁመው የሚቆጡ ሰው ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ የሐረገወይን እንባ ደርቆ ቀረ። ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ስለቆረቆራት ሐኪም ጠብታ አዘዘላት፤ ሰው ሠራሽ እንባ ይሉታል። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል ያላለቀሰችው ሴት አሁን በቀን አራት ጊዜ ከጠርሙስ ታለቅሳለች። የቀረቻት ኤዶም ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው። ስትስማት እንኳ ልቧ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ይህችን ልጅ ክፉ እንዳይነካት መጠበቅ እንዳለባት ግን ታውቃለች። አልጋዋን ለቃ የምትነሳው ለዚህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተለየባት የፀሐይዋ ነገር ነው። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከምድር ቤት ስትወጣ ዓይኗን አላጠበበችም። ከተማው ቆላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ማየት ያሳውራል። ግቢው ግን ደመና ያጠላበት ያህል ደብዝዟል፣ በጣም ማብራት የነበረበት የቆርቆሮ ጣራ ከሁሉም ይልቅ ጨልሟል። ቀና ብትል ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ፀሐይዋ ግራጫ ክብ ሆና፣ ጠርዟ በግልጽ እየታየ፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ሐረገወይንም ዝም ብላ አየቻት፤ ምን ያህል እንደቆየች አላወቀችም፣ ምንም አላመማትም።

ማክሰኞ ወደ ቤት ስትሄድ በር በሚሠሩበት ቤት በኩል አለፈች። የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፣ የብየዳው ጭርጭርታ ጆሮዋ ድረስ መጣ፣ የሠራተኛው ክንድ ከነላቡ ታያት። ብልጭታው መኖር በነበረበት ቦታ ግን ጥቁር ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው በሠራተኛው ጣቶች ጫፍ ላይ እየተንቀጠቀጠ ብረቱን ይዞ ይሄዳል። ቆማ አየችው። ሠራተኛው ሊያባርራት እጁን ሲያወዛውዝ ነው መንገዷን የቀጠለችው።

ረቡዕ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፋ ሳለ ሌላ ነገር ሆነ። ከፊቷ የቆመችው ሴት አንድ እርምጃ ስትጠጋ የሐረገወይን እግር ራሱ ተጠጋ። ከኋላዋ ያለው ሰው ፈቀቅ ሲል ትንሽ ፈቀቅ አለች፣ መልሳ ጥቂት ተጠጋች፣ ከሁለቱም እኩል የራቀች ሲመስላት ቀጥ ብላ ቆመች። ከአምስት ወር ወዲህ እንዲያ ያረፈችበት ሰዓት አልነበረም። ታክሲው መጥቶ ሰልፉ ሲፈርስ ከፋት፤ ደግሞ መክፋቷን ልብ ሳትለው ረሳችው።

ሐሙስ ጠዋት በሌዘሩ ክፍል ዶክተር ገመቹ መብራቱን አጥፍተው ጠረጴዛውን በእጃቸው እየዳሰሱ ትንሿን መፍቻ ሲፈልጉ፣ ከክርናቸው ሥር አንስታ ሰጠቻቸው።

«በዚህ ጨለማ እንዴት አየሽው?» አሉ።

«ይታያል እኮ ዶክተር።»

እውነቷን ነበር። የብሎኖቹ ጥርስ፣ የመጋረጃው ስፌት፣ የሰውዬው ሽበት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ዶክተሩ መብራቱን ሲያበሩ ግን ፊታቸው ጠቆረባት። ጠጋ ብለው ዓይኗን አዩ።

«ሐረግ፣ እረፍት ውሰጂ ብዬሽ ነበር። ዓይንሽ አይርገበገብም።»

የዚያን ቀን በሳምንቱ የተነከሩትን መስታወቶች ለኩ። የሌዘሩን ጉልበት ቀስ እያሉ ጨመሩ፤ ሽፋኑ መጥቆር ሲገባው ብርሃኑ ሁሉ ሳይነካ አለፈ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሞከሩ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መስታወቱ ላይ ምንም የለም» አሉ። «በውሃ ነው እንዴ የነከርሽው?»

ክፍሉ ትንንሽ ማንጠባጠቢያ ያጥረዋል። ስለዚህ ሐረገወይን የራሷን ባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙሶች አጥባ፣ ፉለሪኑን በነሱ ነበር የምትቀዳው። ጠርሙሶቹ ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ የውስጣቸው አይታይም። መለያ እንዲሆናት ክዳናቸው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። መሳቢያውን ከፍታ ቀይ ነጥብ ያለበትን ጠርሙስ ነጭ ወረቀት ላይ ጨመቀችው፤ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ከቦርሳዋ ነጥብ የሌለበትን አውጥታ ጨመቀችው። ወረቀቱ ላይ የሻይ መልክ ያለው ክብ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ደረቀ። ባለፈው ሳምንት የሁለቱንም ጫፍ አንድ ላይ ስታጥብ ክዳኖቹ ተቀያይረው ነበር።

ቆጠረች። አሥራ አንድ ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ። ከመስታወቱ ንክር በእጥፍ ይበልጣል። ለራሷ አልደነገጠችም፤ መደንገጥ እንዳለባት ብቻ አሰበች። ከዚያ እሑድ ትዝ አላት። ኤዶም ዓይኗ ቀልቶ ከእንቅልፏ ተነስታ ነበር። ጭኗ ላይ አስተኝታ ሁለት ሁለት ጠብታ ጨመረችላት። ሰኞ ጠዋት ሚስ ዙፋን «የሁሉም ልጆች ዓይን ቀልቷል፣ እኔንም ይዞኛል» ስትላት ደግሞ ለሁሉም እንድትጨምር ጠርሙሱን ለቀኑ ትታላት መጣች።

«ልጄ ጋ ልሂድ» አለች።

«ምን ሆነች?» አሉ ዶክተሩ። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታለች።

ስድስት ሰዓት ነበር። ግቢው ጨልሟል፣ አስፋልቱ ከግቢው ይብስ ጨልሟል፣ የመኪኖቹን መስታወት ሁሉ ጥቁር ክብ በልቶታል። መሮጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ እግሯ ግን ይራመዳል። ዓይኗን እሸፍንላታለሁ፣ ይዣት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ በውሃ አጥቡልኝ እላቸዋለሁ ብላ በልቧ ደጋገመች፤ ቃላቱ ከሌላ ሰው ማስታወሻ ላይ የተነበቡ ይመስላሉ። በዚህ ሰዓት የልጆቹ ጩኸት ከአስፋልቱ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው ሳይዘጋ የቀረ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ብቻ ነው። በሩ ውስጥ ክዳናቸው የተከፈተ የምሳ ዕቃዎች ተደርድረዋል፣ ማንም ያልነካው ፓስታ በሙቀቱ መኮምጠጥ ጀምሯል።

ሚስ ዙፋን ደጃፉ ላይ ቆማለች። ስታናግራት አላየቻትም፤ ከትከሻዋ በላይ የጨለመውን የቆርቆሮ ጣራ ነበር የምታየው።

«የኤዶም እናት፣ እንኳን መጣሽ።»

«ልጆቹ ምን ሆነዋል?»

«ኧረ ምንም አልሆኑም። ዛሬ እንዴት ጨዋ ሆነው እንደዋሉ ብታዪ! አልተጣሉ፣ አልጮሁ። ተሰለፉ ያላቸው እንኳ የለም።»

ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ ቆመዋል። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት አንድ ነው፤ ገመድ ዘርግቶ የለካ ሰው እንኳ እንዲያ አያስተካክለውም። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል፣ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ፀሐይዋ እላዩ ላይ ወርዳ አርፋለች። አንዱም አይርገበገብም። ኤዶም መሃል ላይ ናት፣ ሰማያዊ ሽርጧን እንደለበሰች። ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ።

ሐረገወይን በልጆቹ መሃል ገብታ ሄደች። ማንንም አልነካችም፤ እግሯ የት እንደሚረገጥ ያውቃል።

«ኤዶም፣ ነይ እንሂድ» አለች። ልጅቱ አልዞረችም። ዓይኗን ልትሸፍንላት ሁለት እጇን ዘርግታ አንድ እርምጃ ቀረበች፣ ክፍቱ ቦታ ላይ ቆመች፣ የፓምፑን ማጉረምረም ጨምሮ ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ እማዬ» አለቻት ኤዶም ቀና እንዳለች፤ ሐረገወይንም የልጇን ዓይን ልትሸፍን የዘረጋቻቸውን እጆች አውርዳ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች።