ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ሰው

ከሮይስ ጋር የተዋወቅነው ቢራ ደፍቼበት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቶሌዶ ውስጥ በሪቨር ሃውንድስ ባንድ ኮንሰርት ላይ ስጨፍር ብርጭቆዬ ደረቱ ላይ ተገለበጠ።

«ውይ በሞትኩት! ይቅርታ!»

«ግድ የለም፤ ሞቆኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ።

የባንዱን ጊታሮች የሚቃኘው እሱ ነበር። ሁለት ዓመት ተዋደድን፤ ማታ ማታ ጊታር ይጫወትልኝ ነበር። ባንዱ ለረጅም ጉዞ ሲነሳ ግን...

«ቨርና፣ አብረን እንሂድ።»

«የታመመ አባቴን አልጋ ላይ ጥዬ? አንተ ቅር!»

«እንጀራዬ ነው እኮ...»

ተላቅሰን ተለያየን። አንድ ጠዋት ናፍቆት አላስቀምጥ ቢለኝ ዴንቨር ከተማ ወዳረፈበት ሆቴል ደወልኩ። ስልኩን ሴት አነሳችው።

«ሮይስ ተኝቷል፤ ማን ልበለው?»

ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ቢደውል አላነሳሁም፣ ቢጽፍም ደብዳቤዎቹን አልከፈትኩም። ሌስተር የሚባል ደግ ሰው አገባሁ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለድንና አሳደግን። ሌስተርን ከቀበርኩ ስድስት ዓመቴ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሪቨር ሃውንድስ ለስንብት ጉዞ ወደ አውራጃችን ዓመታዊ ትርዒት መጡ። ጓደኛዬ በርናዲን ጎትታ ወሰደችኝ።

«ቶሎ በይ እንጂ! ከበሮ መቺው እንቅልፍ ሳይወስደው እንድረስ!»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዘፋኙ ዴኒ ካርዌል ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጊታሩን አንግቶ፣ ሰው ደግፎት መድረክ ላይ ወጣ። ድምፁ ሳስቷል፣ ጣቶቹ ተጣመዋል። ጊታሩ ግን እንደ ወጣት ይፈጥናል! ሳየው የእጁ እንቅስቃሴና የጊታሩ ድምፅ አይገጥሙም። ደግሞ ጊታሩ እያንዳንዱን የዜማ ሐረግ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ድምፅ መልቀቅ አይፈልግም፤ ያቆያታል። እንደዚያ የሚጫወት ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች በርናዲን። ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ።

በመድረኩ ጎን ነፋስ ጥቁሩን መጋረጃ ገለጠው። የከሳ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። ሮይስ ነው።

ሙዚቃው ሲያበቃ ቀና አለ።

«ቨርና...?»

ሰላም እንኳን አላልኩትም። «ዴንቨር ላይ ስልክህን ያነሳችው ሴት ማን ነበረች?»

«ዴንቨር... ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። የዴኒ ሚስት ናት ያስታመመችኝ።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ነበርሽ የደወልሽው?»

አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምናለ ብትጠይቂኝ ኖሮ?»

«እውነት ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔኮ መጥቼ ነበር። አግብታለች ሲሉኝ ተመለስኩ።»

ሳንባው ታሟል። ሐኪሞቹ ገናን አይደርስም ብለውታል። ዘጠኝ ኮንሰርት ይቀራቸዋል፤ ያለ እሱ ዴኒ መጫወት አይችልም።

«አሁን ‹አንተ ቅር› አልልህም» አልኩት። «እኔ አብሬህ እመጣለሁ።»

በርናዲን የቤቴን ቁልፍ ተቀብላኝ አለቀሰች። «አብደሻል!» አለችኝ። «ሂጂ፤ ሂጂ በቃ።»

አምስት ሳምንት በአውቶቡስ አብረን ኖርን። ከኮንሰርት በፊት ጣቶቹን በቅባት እያሸሁ አፍታታለታለሁ። በመስኮቱ እንጣላለን፤ እሱ ይከፍተዋል፣ እኔ እዘጋዋለሁ። ጉዞው ሲያልቅ ልንጋባ ተስማማን።

ከሰባተኛው ኮንሰርት በኋላ፣ ኦማሃ ከተማ ልንገባ ስንል፣ ጠዋት ትከሻዬ ላይ እንደተኛ ትንፋሹ ቆመ። ሾፌሩን «አቁም» ማለት አቃተኝ። ጥቂት መንገድ እንዲሁ አቅፌው ሄድኩ።

በማግስቱ ዴኒ ያለ ጊታር መድረክ ወጣ። እኔ ጎን ላይ ቆሜያለሁ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «ጣቶቼ ከሞቱ ቆይተዋል። የሰማችሁት ጊታር የኔ አልነበረም።»

ከሕዝቡ አንዱ «አታላይ!» ብሎ ጮኸ። ከመሐል ግን አንዲት አሮጊት ተነሱ።

«ታዲያ ማን ነበር?»

ዴኒ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ መድረክ ረግጬ አላውቅም። ሄጄ ማይኩን ከእጁ ተቀበልኩት።

«ሮይስ ፔንድልተን ይባላል» አልኩ። «ባሌ ሊሆን ነበር።»