ሊብሬ የሌላት መኪና

ኖርማን ፒክ የሞተው አንድም ቀን መንገድ ረግጣ በማታውቅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ፖስተኛው ዴኒስ ሃርግሪቭ ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤውን አድሎ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የጋራዡ መዝጊያ ተዘግቶ ከውስጥ ሞተር ያጉረመርም ነበር። ቢከፍተው ጭሱ አነቀው። የሰባ አራት ዓመቱ ኖርማን የመኪናዋ በር ተከርችሞበት፣ ማስታወሻ ደብተሩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ሞቷል። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል፤ መስኮቱን ሲደበድብ ነው። መስኮቱ ደግሞ የማይሰበር ፕላስቲክ ነው።

እኛ የክራብሊ መንደር ሰዎች፣ እዚህ ደርቢሸር ኮረብታ ሥር፣ አንድ የታወቀ በሽታ አለብን። ወንዱ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋው መኪና በሳጥን በሳጥን ያስመጣና ጋራዡ ውስጥ መገጣጠም ይጀምራል። የሚጨርስ ከስንት አንድ ነው። ሌስሊ ሙርክሮፍት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የራሱን ጨርሶ፣ እየነዳት ስፔን ገባ ሲባል ያልቀናበት ባል አልነበረም። ዴኒስ ግን ባሰበት፤ የሌላ ሰው ጅምር ገዛ። ሊብሬ የላትም። ማን እንደጀመራት አይታወቅም። ዘሯ ካልታወቀ ደግሞ ታርጋ አታገኝም። ስለዚህ ኖርማንን ለመነው። ኖርማን የመኪና ገጣጣሚዎች ማኅበራችን መዝገብ ያዥ ነው፤ ብሎን አይቶ የማን እጅ እንዳጠበቀው የሚናገር ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ሞሪን ትሮተር የዝናብ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጋራዡን ዞረችው። የመካኒክ ልጅ ናት፤ ሬሳውን አየች፣ መኪናዋን ግን መረመረች።

«በሩ እጀታ የለውም?» አለች።

«ከውጭም ከውስጥም» አለ ዴኒስ። «የገዛኋት ቀን ገብቼ ዘጋሁት። ሚስቴ ማጠፊያውን ከውጭ በመፍቻ እስክትፈታ ሁለት ሰዓት ታሰርኩ። መንደሩ እስካሁን ይስቅብኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ላይ የሚነሳውን በር በመጥረጊያ እንጨት ደግፌ ነው የምገባው። ለኖርማንም ጠዋት ስወጣ እንጨቱን ደግፌለት ነው የሄድኩት።»

መጥረጊያው ግድግዳው ጥግ በሥርዓት ቆሟል። ሞሪን ኮፈኖውን ከፈተች። ሞተሩን የምታስነሳው ቁልፍ ተንጠልጥላ የቀረችው እዚያ ነው። ካምቢዮው ከጎማው ጋር አልተገናኘም፤ የማርሚታው ቱቦም ከሞተሩ ሥር አያልፍም።

«ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊያስነሳት አይችልም» አለች። «አንድ ሰው እንጨቱን አነሳ፣ በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ።»

ዴኒስ የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። «የጋራዡ ቁልፍ የእኔ ነው። በሩ እንደሚያስር ከማንም በላይ የማውቀውም እኔ ነኝ። እንግዲህ እኔ ነኝ በሉኛ!»

«አለቃዬ እንደዚያ ነው የሚለው። እስከ ነገ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣሁለት ካቴናው ለእርስዎ ነው።»

ኮንስታብል ፊን የሟቹን ደብተር አነበበ። «ላባውን አየሁ። አልሄደም» ይላል መጨረሻው። «መኪናው አልሄደም ማለቱ ነው፤ ካምቢዮው ስላልተገናኘ።»

«የፊተኛውን ገጽ አንብብልኝ።»

«‹ዝጋለች። መሪዋ ጠባብ ነው። ጎበዝ እጅ ነው የጀመራት›።»

ሞሪን ባትሪ ይዛ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዋ ገባች። የመኪናዋን የፋይበር ገላ ባጣበቀው ሙጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ላባ ደርቃ ቀርታለች። በወንበሩ ስፌት መካከል ደግሞ የማሽላ ገለባ አገኘች።

የኖርማን ስልክ የመጨረሻ ጥሪው ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ክላይቭ ሙርክሮፍት ነበር። ክላይቭ የሌስሊ ወንድም ነው። ሞሪን ጋራዡ ስትደርስ፣ ባለፈው ኅዳር ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ጉልበቱ፣ ካርቶን አንጥፎ መኪና ሥር ተንጋሏል።

«ስለ ዓርብ ስብሰባ ነበር የደወለልኝ፤ ምስኪን» አለ እየቃተተ ሲወጣ። «የዴኒስን ቆርቆሮ በዓይኔም አላየኋት።»

«በዚህ ጉልበት መሬት ላይ? ጋራዥዎ የመኪና መፈተሻ ጉድጓድ የለውም?»

«ነበረው። ሰው እንዳይወድቅበት ብዬ በሲሚንቶ ደፈንኩት፤ ድሮ።»

ጣሪያው ላይ ባዶ የሽቦ የወፍ ቤት ተንጠልጥሏል። «ወፍ ያረባሉ?»

«የወንድሜ ነው። እሱ ስፔን ሲሄድ ወፎቹን ሸጥኳቸው። ፖስት ካርድ እንኳ አልላከልኝም፣ ያ ከሃዲ!»

መኪናዋን ለዴኒስ የሸጠው ጌሪ ደን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሴቱንም ወንዱንም «ዳክዬዬ» እያለ ይጠራል፤ ፖሊስም አይቀርለትም።

«ከገበሬ ጎተራ ነው ያወጣኋት፣ ዳክዬዬ።»

«ጎተራ የከረመ መኪና ጭድና የዶሮ ኩስ አያጣም። ይቺ ያላት የቤት ወፍ ቀለብ ነው። የማነው ጎተራው?»

ጌሪ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ለሴትዮዋ ቃል ሰጥቻታለሁ። ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከጓሮው ዕቃ ቤት እንዳወጣላት ለመነችኝ። እሱ ሰምቶ እኔን እንዳያንቀኝ ስሟን አልናገርም።»

«ስሟን ለራስህ ያዘው። ባሏ ምኑን ነበር የታከመው?»

«ጉልበቱን።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዴኒስ፣ ጌሪና ክላይቭ በዴኒስ ጋራዥ ተሰበሰቡ። ሞሪን መዝጊያውን አስዘጋች። ቦታው ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ።

«አንድ በአንድ ትገባላችሁ። በሩ ይዘጋል። ፊን ሞተሩን ያስነሳል። ማን እንደሚወጣ እናያለን።»

«አብደሻል ዳክዬዬ!» አለ ጌሪ፤ ግን ገባ። ሞተሩ ሲነሳ ጣሪያውን በሁለት እጁ ደበደበ፣ እናቱን ጠራ። ፊን ማጠፊያውን ፈትቶ አወጣው። ዴኒስም ገባ፤ መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ሦስት ወር የፈለገውን የበር መክፈቻ፣ ላቡ እየወረደ ዳሽቦርዱን እየዳበሰ ፈለገ። አጣ። እሱንም አወጡት።

«አሁን እርስዎ።»

«እኔ ይቺን መኪና አላውቃትም» አለ ክላይቭ።

«እነሱም አላወቋትም።»

ክላይቭ ጉልበቱን እየደገፈ ገባ። በሩ ተከረቸመ። ሞተሩ ተነሳ። ጭስ የሸተተው መሰለው፤ ትናንት ኖርማን የተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው ያለው። ፊቱ አመድ መሰለ። ግራ እጁ ብቻውን ከወንበሩ ሥር ገባ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ የሽቦ ቀለበት ሳበ። በሩ ጠቅ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ።

ፊን በሩን በመጥረጊያው ደግፎ ሞተሩን አጠፋ።

«ጭሱን በጎማ ቱቦ ወደ ውጭ አስወጥቼዋለሁ፤ ማንም አይሞትም ነበር» አለች ሞሪን። «ያቺን ቀለበት ለማግኘት እኔ ወንበሩን ነቅዬ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ዴኒስ በሦስት ወር አላገኛትም። እርስዎ ሳያዩ አገኟት።»

«ገመትኩ» አለ ክላይቭ።

«ወንድምዎ ሲሠራት ሲያግዙ ነበር። ሙጫው ውስጥ የቀረችው የእሱ ወፍ ላባ ናት። ኖርማን አያትና ወደ እርስዎ ደወለ፤ እርስዎም በጓሮ መጥተው በሩን ዘጉበት። ኖርማን ዕድሜውን ሙሉ መኪናን ሁሉ ‹እሷ› እያለ ነው የጻፈው። ‹አልሄደም› ያለው ታዲያ መኪናዋን አይደለም። ሌስሊን ነው። ጨርሶ ነዳት ያላችሁት መኪና ሳትጨረስ እዚህ ቆማለች፤ በእሷ የሄደ ሰው የለም። አውጥተው እንዳይጥሏት ሰው ያያል፣ እንዳያቃጥሏት ጭሱ ይታያል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረዋት ታሰሩ። ሆስፒታል ሲተኙ ባለቤትዎ ምንም ሳያውቁ ጓሮውን አጸዱልዎ።»

ዴኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትናንት ወዲህ ሙሉ ትንፋሽ ሳበ።

ሞሪን ጎንበስ ብላ ወደ መኪናዋ ውስጥ ተመለከተች። «አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ጉድጓድ በሲሚንቶ የደፈኑት ሌስሊ ከሄደ በኋላ በስንተኛው ቀን ነው?»

ክላይቭ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲያ በጀርባው ተንጋሎ መኪና ሲጠግን፣ «ስስታም፣ ሌላ ጉድጓድ ማስቆፈር ያቅተዋል» ብለን ስንስቅበት የኖርን እኛ ነን።

«በማግስቱ» አለ።

በሩ በገዛ እጁ ተከፍቶ ከራሱ በላይ ቆሟል። እንዲወጣ ሦስት ጊዜ ለመኑት። አልወጣም፤ መሪውን እንደያዘ ቀረ።