በገብረጻድቃን ቤት ስም የቆፈረው ሰው

ይህን ሁሉ የማወራው አባቴን ለማመስገን ነው። ታዲዎስንም ለማመስገን ነው፤ እሱ ግን ይኩራራብኛልና ሁለተኛ ላድርገው።

አባቴ ገብረጻድቃን ካዛንቺስ ሠላሳ ዓመት ኖሮም ልቡ የተወለደበት ገጠር ዓዲ ጽጌ ነው። አዲስ አበባ ያሉትን የአገሩን ልጆች አሰባስቦ የልማት ማኅበር አቋቋመ። ከተራራው ምንጭ እስከ መንደሩ ውሃ በቧንቧ ሊያወርዱ ተስማሙ። ከዚያ አባቴ አንድ ሕግ አስወሰነ፦ ከየቤቱ አንድ ሰው ሄዶ አሥራ ሁለት ቀን ቦይ ይቆፍራል፤ ቀን ሠራተኛ ቀጥሮ መላክ ክልክል ነው።

«ብር ብቻ የሰጠ ሰው ውሃው የኔ ነው አይልም» ይል ነበር።

ሕጉ ዞሮ ራሱን ያዘው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። እሱ ጉልበቱን ታሟል። እኔ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ፈቃድ ብጠይቅ ከለከሉኝ።

ታዲዎስን ያገኘሁት ለማኅበሩ የቧንቧ ዋጋ ልጠይቅ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሱቅ ስገባ ነው። ርካሹን መረጥኩ።

«ይሄን አትግዢ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ። «ማለቴ… ቁልቁለት ነው አላልሽም? ግፊቱን አይችልም፣ ይፈነዳል።»

«ሻጩ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ግን ውሃ ለጠማው ሰው… በቃ፣ አይሆንም።»

ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ አቀረቀረ። ያን ቀን ወደድኩት ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስንወጣ እስከ ደምበል በእግራችን እንሄድ ጀመር። ብዙ አናወራም ነበር። አንድ ቀን ግን ቆም ብሎ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«አባባ የአገሩን ልጅ ነው የሚፈልግልኝ። አንተ የቂርቆስ ልጅ ነህ። ትንሽ ታገስ» አልኩት። ከሥራ ፈቃድ መከልከሌንም፣ የአባቴንም ጭንቀት አጫወትኩት።

በሳምንቱ «ማኅበራችሁ የገዛውን ቧንቧ ከመኪናው ጋር አድርሼ እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ሄዶ ቀረ። ስልኩም አይሠራም።

በአሥረኛው ቀን ለአባቴ ከዓዲ ጽጌ ስልክ ተደወለ። ጆሮው ስለደከመ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«እንኳን ደስ ያለህ ገብረጻድቃን! አማችህ እኮ እጁ እስኪላጥ ነው የሚቆፍረው!»

አባቴ ስልኩን ዘጋና ዞሮ አየኝ።

«ራሕዋ፣ አግብተሻል?»

«ኧረ አላገባሁም አባባ!»

«ታዲያ በኔ ቤት ስም የሚቆፍረው ማነው?»

ታዲዎስ መሆኑ ገባኝ። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ፤ ምሳውን እንኳ ብቻውን ይበላ ነበር። እኔንና እሱን የሚያጣላን ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ታዲዎስ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«በአቶ ገብረጻድቃን ቤት ስም ልቆፍር ስላቸው መዝጋቢው ‹ምናቸው ነህ?› አለኝ» ብሎ ነገረኝ። «የቤቱ ሰው ካልሆንኩ አካፋውን ሊቀበለኝ ነው። ዝም አልኩ። እሱ ‹አማች› ብሎ ጻፈኝ። ቆፈርኩ፣ በቃ።»

ልቆጣው ብዬ መዳፉን አየሁት። አለቀስኩ።

እሑድ ማኅበሩ ካዛንቺስ አዳራሽ ተሰበሰበ። አባቴ የቆፈሩትን ቤቶች ከመዝገቡ እየጠራ የኛ ቤት ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። «አማች» የሚለውን ቢተወው ልጁን ያለ ሽማግሌ ሰጠ ይባላል። ቢሰርዘው ደግሞ ሕጉን ያወጣው ሰው ቤት ብቻ ሳይቆፍር ሊቀር ነው።

ታዲዎስ ከኋላ ተነሳ።

«ይሰረዝ አባቴ» አለ። «ያልሰጡኝን ስም ነው የወሰድኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሕዋ ምንም አታውቅም።»

አባቴ እስክሪብቶውን አንስቶ ሰረዘው።

«የገብረጻድቃን ቤት አልቆፈረም» ብሎ አነበበ።

ሁለቱንም በአንድ ቀን ያዋረድኳቸው እኔ መሰልኩኝ። ታዲዎስ ወደ በሩ ሲያመራ ግን አቶ ጎይቶም ክንዱን ያዘው። አቶ ጎይቶም እዚያው ቦይ ውስጥ አብሮት የቆፈረ ሽማግሌ ነው። ሁለት ሽበታሞች አስከትሎ ወደ አባቴ ጠረጴዛ ሄደና ፊቱ ቆመ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ስብሰባው አላለቀም» አለ አባቴ።

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች እሺ ሳይባሉ እንደማይቀመጡ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

«ይሄ ልጅ ነው የላካችሁ?» አለ አባቴ።

«እሱማ ምን ያውቃል!» አለ አቶ ጎይቶም። «የላከን ዓዲ ጽጌ ነው። የአገርህን ልጅ ስትፈልግ አልነበር? አገርህ ልጄ ነው ብሎታል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጉልበቱን ይዞ ብድግ አለ፤ ሊያግዙት የተነሱትን በእጁ መለሳቸው። ሦስት ወንበሮች አንድ በአንድ እየጎተተ አመጣና ከሽማግሌዎቹ ኋላ አስቀመጠ።

«ተቀመጡ» አላቸው።